አንዲት ሲም ለቤተ ሰብ ሁሉ
በላፕቶፕ ጎን በተሰካ ዶንግል ውስጥ የምትገኝ አንዲት ሲም ካርድ ለአንድ ሰው ብቻ የተወሰነች መስላ ብትታይም፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና፣ ያችኑ መስመር በዋይ ፋይ ለቤተ ሰቡ ሁሉ የማዳረስን ሥልጣን ያለ አንዳች ክፍያ ለባለቤቱ መስጠቱ፣ በእኔ አስተያየት ከታላላቅ ምግባረ ሠናዮቹ አንዱ ነው። ኔትዎርክ ማኔጀር የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም «ሆትስፖት» የምትለዋን ትእዛዝ በተቀበለ ጊዜ ላፕቶፑን አብዛኛውን ጊዜ 10.42.0.1 በሚል አድራሻ እንደ መጋቢ ይሾመዋል፤ እርሱም ለሚመጡት ስልኮች የየራሳቸውን ቁጥር ያድላል፣ የሁሉንም ጥያቄ በሲሟ አድራሻ ሸፍኖ ወደ ውጭ ይልካል፣ መልሱንም ሳያሳስት ለየባለቤቱ ያደርሳል። (የዋይ ፋይ ካርዱ ማሰራጨት የሚችል መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል፤ ሁሉም አይችልምና።) የዳታ ጥቅል እየተመጠነ በሚገዛበት በአገራችን፣ የኮምፒዩተር መምህራን ይህን ጥበብ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ጋር እንዲያስተምሩት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከዚሁም ጋር የይለፍ ቃሉን ጠንካራ ማድረግን፣ ይልቁንም ስልኮቹ ዋይ ፋይ አገኘን ብለው በስውር የሚያወርዱት ማሻሻያ ጥቅሉን በአንድ ሌሊት እንዳይፈጀው፣ በየስልኩ ላይ ይህ መስመር ዳታው የሚቆጠር መሆኑን አስቀድሞ ማስመዝገብን ያስተምሩ።