“የመጨረሻው በረራ” ስንት ጊዜ ነው የመጨረሻ የሚሆነው?

ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተነስቶ ቴል አቪቭ ያረፈው አውሮፕላን “የመጨረሻው” ተብሎ ነበር። የቤተ እስራኤሎች ጉዞ ተዘጋ ተባለ። ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ የእስራኤል መንግሥት ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩ 9 ሺህ ገደማ ሰዎችን ለመውሰድ ወሰነ። በ2013 ሌላ 2 ሺህ፣ በ2014 ደግሞ 3 ሺህ ተባለ። ዛሬም ጎንደር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጠብቃሉ። ታዲያ ለምንድነው የማያልቀው?

ብዙ ሰው “ዝርዝሩ ላይ ሰው እየተጨመረ ነው” ይላል። እስራኤል ውስጥም እንዲህ የሚሉ ፖለቲከኞች አሉ። እኛ ግን ችግሩ መስፈርቱ ራሱ ነው ባይ ነን። የሚወሰደው በአብዛኛው እዚያ የቅርብ ቤተሰብ ያለው ነው። እናት ስትሄድ ያላገቡ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች፤ ያገባችው ልጇ ከነባሏ እዚህ ትቀራለች። በማግስቱ ያቺ ልጅ “እናቷ እስራኤል ያለች” ተብላ ወረፋ ትይዛለች። አንዱን ቤተሰብ ያገናኘው አውሮፕላን ሌላውን ለያይቶ ነው የተነሳው። በዚህ አካሄድ እንዴት ብሎ ይለቅ?

ከስሩ ያለው ጥያቄ የማንነት ነው። የአብዛኞቹ ጠባቂዎች ቅድመ አያቶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ክርስትና የተቀበሉ ናቸው። ስለዚህ የእስራኤል “የመመለስ ሕግ” አይመለከታቸውም፤ የሚገቡት በመንግሥት ልዩ ውሳኔ፣ በቤተሰብ ማገናኘት ስም ነው። ያው ሕግ ግን ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ አያቱ ብቻ አይሁዳዊ የሆነን ሰው ይቀበላል። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ብዙ ሕዝብ የገባው በዚህ በር ነው። እዚህ ወገራና ደምቢያ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት “ቡዳ”፣ “ቀጥቃጭ” እያለ ሲያገልላቸው ማንም የክርስትና ወረቀት አልጠየቃቸውም። ለስድቡ ዘራቸው ታውቋል፤ ለቪዛው ነው የጠፋው።

ነሐሴ 2015 ጎንደር ውስጥ ተኩስ ሲከፈት እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን አወጣች፤ ዜጎቿንና ሕጉ የሚፈቅድላቸውን። ጠባቂዎቹ ቀሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ መስከረም 26 መጣና የጋዛ ጦርነት ተጀመረ። ልጆቻቸው የእስራኤል ወታደር ሆነው የዘመቱ ወላጆች እኮ እዚሁ ጎንደር ነበሩ! በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የልጅን ድምፅ ለመስማት እንኳ ውድ የስልክ ጥሪ ነበር ያለው።

እኛ እንደምናየው እስራኤል ሌላ ቁጥር ከምታውጅ ያገቡ ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ፋይል ብታይ ይሻላል። የማትወስደው ሰው ካለም እምቢታዋን በግልጽ ትንገረው። ከ10 እና 20 ዓመት በላይ በኪራይ ቤትና በቀን ሥራ የጠበቀ ሰው ቁርጡን ማወቅ አለበት። ቁርጡን አውቆ ወደ ወገራ ልመለስ ቢልስ? መሬቱን ጥሎ ነው የወጣው፤ የለቀቁትን ይዞታ መልሶ ማግኘት ደግሞ በእኛም አገር ቀላል አይደለም። ይሄኛውን ቴል አቪቭ ሳይሆን የክልሉ መንግሥት ነው የሚመልሰው።