ካርታ ለሚሠሩልን ልጆች «አይሠራም» ብቻ አንበላቸው

ዛሬ ስለ ማዳም አይደለም የምጽፈው፣ ስለ ካርታ ነው። ሰሞኑን አንዷ እህታችን የካርታ አፕ ዳውራ ብላው ሌላ ሰፈር እንደጣላት ስትጽፍ፣ ከስር የወረደውን የስድብ ኮመንት አየሁት። አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ቤይሩት ውስጥ አንድ እሑድ ኦፍ ወጥቼ «ሀምራ» ብዬ በአማርኛ ብፈልግ ምንም የለም አለኝ። ዞሬ ዞሬ ማታ 12 ሰዓት መግባት የነበረብኝ 2 ሰዓት ገባሁ፤ የሚቀጥለው እሑድ ተቀጣሁ። ተናድጄ አንድ ኮከብ ሰጠሁና «የማይረባ አፕ» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ቀን በኋላ በእንግሊዝኛ መልስ መጣ፦ «ይቅርታ፣ ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው? ስልክሽ ምን ዓይነት ነው?» ልጁ ሳይከፈለው፣ ከሥራው ሲመለስ ማታ ማታ ነው አፑን የሚሠራው።

ለካ ችግሩ ፊደላችን ነው! ካርታው ላይ የተጻፈው «ሐምራ» ነው፣ እኔ የጻፍኩት በሃሌታው ሀ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ ፊደል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ደሞ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፤ አማርኛ የማያውቅ ሰው ይሄን ከየት ያመጣዋል? ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ላኩለት። በሚቀጥለው አፕዴት ተስተካከለ።

የእኛን ሥራ አስቡት እስቲ። «ቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ያ ሕማራ!» ብላ የምትጮህ ማዳም አለች፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አትነግርሽም። ሌላዋ «ይሄን መስኮት ድገሚው» ትላለች። ከየትኛዋ ጋር መሥራት ይሻላል? እና እኛ ስልክ ስንይዝ ለምን የመጀመሪያዋን እንሆናለን?

ስትጽፉ የስልካችሁን ዓይነት፣ ምን እንደነካችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንደመጣ ንገሯቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ይገባቸዋል። ደሞ ሁሉም ስህተት የአፑ አይደለም። እነ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ (አንዴ ካወረዳችኋቸው ያለ ኔት የሚሠሩት፣ ካርድ ለሚያልቅብን ትልቅ ነገር ነው) ካርታውን የሚወስዱት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይሄ በ2004 በፈረንጆቹ እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች መንገዱን የሚሞሉበት ካርታ ነው። የተዘጋ ሱቅ ካርታው ላይ አሁንም ካለ እዚያ የሚስተካከል ነው፣ እናንተም ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ፍለጋው እምቢ ካለ ወይም አፑ ራሱን ከዘጋ ግን ለሠሪዎቹ ነው የሚነገረው።

«በነፃ እየሠሩ ምን ትነዘንዣቸዋለሽ?» ያለችኝ ጓደኛ አለችኝ። አልስማማም። ዝም ካልናቸው አማርኛ የሚጠቀም ሰው መኖሩንም አያውቁም።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ። ስክሪንሹት ስትልኩ ያቺን የቆማችሁበትን ሰማያዊ ነጥብ ተመልከቱ! ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሚተው ማስታወሻ ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የምትጽፉትም ከአካውንት ስማችሁ ጋር ነው የሚወጣው። በከፋላ ወረቀታችን የታሰረው ከአሠሪ ጋር ነው፤ ከቤት ወጥታ የተጠለለች እህት ያለችበትን ቤት በአንድ ፎቶ ልናሳይባት እንችላለን። ከመላካችሁ በፊት ቁረጡት፣ ወይ ስህተቱን በቃል ብቻ ግለጹት። መጠለያና የምትኖሩበትን ቤት ደሞ በጭራሽ ካርታ ላይ አትጨምሩ፣ ሠሪዎቹ ቢጠይቋችሁም።

እኔ አሁን የያዝኩት የድምፁን ነገር ነው። «ወደ ቀኝ ታጠፊ» የሚለውን በአማርኛ እንዲያደርጉልኝ ሁለቴ ጽፌያለሁ፤ የሚያነብ ሰው ካገኘን እንሞክራለን ብለዋል። ድምፅ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።