በእሳት ተራራ ላይ ስለሚያድሩ እንግዶችና ስለ መንገድ መሪዎቻቸው

ሰው አገሩን ትቶ ወደ ሌላው አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱም ለመሳለምና በረከት ለመቀበል ይሄዳል። በዘመናችን ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መንገደኛ ተነሥቷል፤ ይኸውም እሳት ከምድር ሆድ ሲወጣ በዐይኑ ለማየትና በእሳቱ አፋፍ ላይ አንዲት ሌሊት ለማደር ገንዘቡን ከፍሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ነው። ይህን መንገደኛ የሚመራው፥ ስንቁን የሚጭንለት፥ ሌሊቱንም የሚጠብቀው የአገራችን ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ልንመረምረው የሚገባን የተራራውን ማማር ሳይሆን፥ «ዛሬ አይወጣም፤ እንመለስ» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ነው።

ይህ ነገር የሰሜን ወሎን ሰው አይነካም የሚል ቢኖር በወልድያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ይመልከት። የሀብሩ ወረዳ ከከተማው ከመርሳ ጋራ በደጋውና በቆላው መካከል ተቀምጦ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ክልል ጋራ ይዋሰናል። ከወልድያ የሚነሣውም መንገድ በሐራና በጭፍራ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ አገልግሎት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ይህ የወሎ ጠርዝ ወደ አፋር ለሚወርድ መንገደኛ ሁሉ አንድ በር ይሆናል። ደግሞም የወሎ ተራሮች ራሳቸው የእሳት ሥራ ናቸው። ሊቃውንት እንደሚሉት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበና እየቀዘቀዘ ነው ይህን ደጋ ያቆመው። በደጋው እሳቱ ከጠፋ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኗል፤ በአፋር ቆላ ግን ምድሪቱ ዛሬም ትሳባለች፥ ትሰነጠቃለች።

በዚያ ቆላ በሰሜን በኩል ኤርታ አሌ የተባለው ተራራ ይገኛል፤ ስሙ በአፋርኛ የሚጤስ ተራራ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ቢሆንም፥ የቀለጠ ዐለት ሐይቅ በአፉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲፈላ በመኖሩ ስሙ በዓለም ሁሉ ታውቋል። የጉዞውም የቈየ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ቀኑ ሐሩር ስለ ሆነ እንግዶቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ከተራራው ሥር ይነሣሉ፤ መኝታቸውንና ውሃቸውን ግመል ይጭናል፤ በአፋር መንገድ መሪና መሣሪያ በያዘ ጠባቂ ታጅበው ለብዙ ሰዓት በጨለማ ይወጣሉ፤ እሳቱን አይተው በአፋፉ ላይ ያድሩና ሐሩሩ ሳይበረታ ይወርዳሉ።

ነገር ግን ተራራ እንደ ሕንፃ በአንድ መልክ አይኖርም። በጥር 2009 ዓ.ም. የኤርታ አሌ ሐይቅ ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከጎኑም አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ ቅልጡ ዐለት ሜዳውን አለበሰው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራራው አመድ አፈነዳ፤ በዚያው ሰሞን ቅልጥ ዐለት በምድር ውስጥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሃይሊ ጉቢ በተባለው ተራራ ሥር ማለፉን ሊቃውንት ምድርን ከሰማይ በሚመለከተው ሳተላይት መርምረው አወቁ። ከዚያም አራት ወር ካለፈ በኋላ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ በኋላ፥ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ውስጥ መፈንዳቱ ያልታወቀው ይኸው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፥ በየመንና በዖማን ላይ አልፎ፥ እስከ ፓኪስታንና እስከ ሰሜን ህንድ ደረሰ፤ የህንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። አፍዴራ በአመድ ተሸፈነች፤ ወደ በረሃው ሊሄዱ የተነሡ ጎብኚዎችና መሪዎቻቸውም በዚያው ተይዘው ቀሩ። በሰው ላይ ሞት አለመድረሱን የአካባቢው ባለሥልጣን ቢገልጹም የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተበላሽቷል።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያው፥ ዝም ያለ ተራራ ሁሉ የሞተ ተራራ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ይኸውም ምልክቱ አስቀድሞ መታየቱ ነው። ቅልጡ ዐለት በሃይሊ ጉቢ ሥር ማለፉ በሐምሌ ታውቆ ነበር። የሚፈነዳበትን ቀን አስቀድሞ ሊነግር የሚችል ሊቅ በዓለም ላይ የለም፤ ዳሩ ግን «በዚህ ወራት ተጠንቀቁ» የሚለው ቃል ከሊቃውንቱ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ፥ በጨለማ ግመል እየነዳ ወደሚወጣው መንገድ መሪ ጆሮ የሚደርስበት ጥርጊያ መኖር ይገባዋል። ማስጠንቀቂያ በወረቀት ላይ ተጽፎ በመዝገብ ቤት ከቀረ፥ ካልተጻፈ አይሻልም።

ይህም በሌሎች አገሮች በብዙ ሰው ሕይወት ተፈትኗል። በኢንዶኔዥያ ማራፒ የተባለው ተራራ ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲፈነዳ በላዩ ከነበሩት 75 ያህል ተጓዦች መካከል 24 ሰዎች ሞቱ። የዚያ አገር የእሳተ ገሞራ መሥሪያ ቤት፥ ሰው ከአፉ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዳይቀርብ አስቀድሞ መክሮ ነበር፤ የመውጫውን ፈቃድ የሚሰጠው ግን ሌላ ክፍል ነበረና ፈቃዱ መሰጠቱ አልቀረም። በኒውዚላንድም ዋካሪ በተባለችው ደሴት ኅዳር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ከነበሩት 47 ሰዎች 22ቱ አለቁ፤ የአደጋው ደረጃ ከሦስት ሳምንት በፊት ከፍ መደረጉ በይፋ ተነግሮ ሳለ ጉብኝቱ አልተቋረጠም። በአንጻሩ በዚያው በኢንዶኔዥያ የሰሜሩ ተራራ፥ ሃይሊ ጉቢ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በፈነዳ ጊዜ፥ ከመቶ የሚበልጡ ተጓዦች በተራራው ላይ ነበሩ። ነገር ግን ሰፈራቸው እሳቱ በማይወርድበት ወገን ስለ ነበረ ሁሉም በደኅና ወረዱ። ያዳናቸው የሚያድሩበት ስፍራ ነው።

አደጋውም ከእሳቱ ብቻ አይመጣም። በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታ አሌ ላይ ባደሩ እንግዶች ላይ ሽፍቶች አደጋ ጥለው አምስት የውጭ አገር ሰዎች ገደሉ፤ ሌሎችንም ማርከው ወሰዱ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ተገደለ፤ መሪውም ቈሰለ። እንግዳ በቤታችን ሳለ ደሙ ቢፈስ ነውሩ የአገር ሁሉ ነው።

«እንግዲያስ ተራራው ለዘወትር ይዘጋ» የሚል ይኖራል። ይህ ቀላል ምክር ነው፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው ግን መካሪው ሳይሆን ከግመሉና ከመሪነቱ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ነው። በራሱ በሰሜን ወሎ፥ በመቄት፥ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው አንድ ምሳሌ አለ፤ የመንደሩ ሰዎች በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ቤት ሠርተው፥ እንግዳውን ከመንደር ወደ መንደር በእግር እየመሩ፥ አብልተውና አሳድረው ገቢውን ለመንደራቸው ጥቅም ያውሉ ነበር። ይህ ዐይነቱ ሥራ በጸጥታ መጓደል ጊዜ ፈጥኖ ይቆማል፤ ሰላም ሲመለስም ፈጥኖ ይነሣል። እንግዳን በእግር መርቶ ማሳደር ለወሎ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

የችግሩ ሥር የገንዘቡ አከፋፈል ነው። መንገድ መሪው ደመወዙን የሚያገኘው እንግዳውን ከእሳቱ አፋፍ ካደረሰ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጢሱ ሲከብድ ቢያይ፥ ምድር ስትንቀጠቀጥ ቢሰማ፥ «እንመለስ» ብሎ የልጆቹን እንጀራ ለመተው ይቸገራል። እንግዳውም ከሩቅ አገር መጥቶ ብዙ ገንዘብ ከፍሏልና «ጥቂት ብቻ እንቅረብ» ይላል። ስለዚህ የመሪው ዋጋ ቢወጣም ቢመለስም አንድ እንዲሆን በደንብ ይወሰን። ይህ ለመንግሥት ብዙ ወጪ የለበትም፤ አንድን መሪ ግን ከጫኝነት ወደ ኀላፊነት ያወጣዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የባለሥልጣኖች ነው። የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል፥ ምድርን ከሚከታተሉት ሊቃውንት ቃል ሳይቀበል ፈቃድ አይስጥ። የወጪው ሁሉ ስም በተራራው ሥር ይመዝገብ፤ ማን እንደ ወጣ ካልታወቀ ማን እንደ ጠፋ አይታወቅምና። የሚያድሩበት ሰፈር ነፋሱ የድኙን ጢስ ወደማያመጣበትና ቅልጡ ዐለት ወደማይወርድበት ወገን ይሁን። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በአፋር ያለው የሰመራ ዩኒቨርሲቲም ለመሪዎች የምድርን ምልክትና የቍስለኛን አያያዝ የሚያስተምሩበት ጥቂት ሳምንት ቢመድቡ፥ ጥቅሙ ለደጋውም ለቆላውም ይሆናል።

ካህናትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በሀብሩና በአካባቢው ገጠር ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የሚነገር ቃል፥ በአፋርም በመስጊድ የሚነገረው፥ ከማናቸውም ደብዳቤ ይልቅ ፈጥኖ ይሰማል፥ ይታመናልም። አመድ ሲወርድ ውሃችሁን ክደኑ፥ ከብታችሁን ከታጠነው ሣር አርቁ የሚለው ምክር በእነርሱ አፍ ቢነገር ብዙ ያድናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ሃይሊ ጉቢ ሰው ሳይገድል አስጠንቅቆናል፤ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሁለተኛ ጊዜ በዚህ ዋጋ አይገኝ ይሆናል። እንግዲህ «እንመለስ» የሚለው ቃል ለሚናገረው ሰው የማያስቀጣው፥ የማያስርበው፥ የማያሳፍረውም እንዲሆን ደንቡ ቢጻፍ፥ እንግዳውም ወደ ቤቱ፥ መሪውም ወደ ልጆቹ በደኅና ይገባል።