ሳናነብ የፈረምናት ወረቀት

ፍሬሽ ሆኜ ስመዘገብ ሬጅስትራር ደጃፍ ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ኮርስ የምመርጥ መስሎኝ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ስደርስ ተሞልቶ ያለቀ ስሊፕና አንድ ሌላ ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቷን ከፊቴ የቆመው ልጅ ጀርባ ላይ አስደግፌ «ምንድናት?» አልኩት። «ኮስት ሼሪንግ ናት፤ ዝም ብለህ ፈርም!»

ዝም ብዬ ፈረምኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ የዕዳ ውል ግን እሷ ነበረች። ወጪ መጋራቱን ያመጣው ደንብ ቁጥር 91/1995 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ያዝዝ ነበር።

መክፈሉን አልቃወምም። ገበሬው በግብሩ አስተምሮኛልና ብከፍል ደግ ነው። የምቃወመው አፈራረሙን ነው። ኮርሱን እናንተ መርጣችሁ፣ ዶርሙን እናንተ መድባችሁ፣ ዕዳው ላይ ስንደርስ ብቻ «አዋቂ ነህ፣ ፈርም» ማለት ምን የሚሉት ቀልድ ነው? አዋቂ ከሆንን እንደ አዋቂ አስረዱን። አሥር ደቂቃ ማብራሪያ፣ አንድ ኮፒ በእጃችን። በቃ!

አንተም ፍሬሹ፣ አንቺም ፍሬሿ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ከኋላ የተሰለፈው ቢጮህ ይጩህ፤ ዕዳችሁን እሱ አይከፍልላችሁም።