ከተሸመደደ ቀመር ወደ ልኬት፦ የሰውን ገጽ መሣል በግምጃ ቤት ስለ ማስተማር

የሰውን ገጽ በትክክለኛ ምጥጥን መሣልን የሚያስተምሩ መጻሕፍትና የቪዲዮ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቀመር ነው። ዓይኖች በራስ ቁመት አጋማሽ ላይ ይቀመጣሉ፤ የራስ ወርድ አምስት የዓይን ስፋት ይሆናል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ የዓይን ስፋት ይቀራል፤ ገጽ ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ፣ ከአፍንጫ ግርጌ እስከ አገጭ በሦስት እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ ጆሮም በቅንድብና በአፍንጫ ግርጌ መካከል ይሰፍራል። ተማሪው ይህን ይሸመድዳል፤ መስመሮቹን በወረቀቱ ላይ ያሰምራል፤ ከዚያም ፊትን ይሞላበታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ቀመሩ በትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚገባው እንደ ሕግ ሳይሆን ሊፈተን እንደሚገባው መላምት ነው የሚል ነው። ለክርክሩ መነሻ የማደርገው በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ግምጃ ቤትን ነው። የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት እንዲህ ባሉ ከተሞች ለሚማር ልጅ የመጀመሪያው፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው፣ የሥዕል ትምህርት ነውና።

ቀመሩ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጀማሪ ሠዓሊ ሁሉ ማለት ይቻላል ዓይንን ከቦታው ከፍ አድርጎ ይሥላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ትኩረታችንን የሚስቡት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በመሆናቸው ለእነርሱ ሰፊ ቦታ እንሰጣለን፤ ግንባርና አናት ግን የሚታይ ነገር የሌለባቸው መስለው ስለሚታዩን እናሳጥራቸዋለን። «ዓይን በራስ አጋማሽ ላይ ነው» የሚለው ትምህርት ይህን የተለመደ ግድፈት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያርማል። ችግሩ የሚጀምረው ያው ዓረፍተ ነገር ከማረሚያነት አልፎ መዳኛ ሲሆን፣ ማለትም ተማሪው ከፊቱ ያለውን ሰው ትቶ ቀመሩን ሲሥል፣ መምህሩም ሥዕሉን ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ከቀመሩ ጋር እያስተያየ ነጥብ ሲሰጥ ነው።

ቀመሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለዚህ ክርክር ይረዳል። ገጽን በሦስት እኩል ክፍሎች መክፈል በሮማዊው የሥነ ሕንጻ ጸሐፊ በቪትሩቪየስ ዘንድ ተጽፎ ይገኛል፤ በኋላም የኢጣሊያ ሠዓሊዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ፣ አጥንተውታል፤ አስፋፍተውታልም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ነገሩን ከሁሉ በላይ በጥልቀት የመረመረው ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር፣ እ.ኤ.አ. በ1528 በታተሙት ስለ ሰው ምጥጥን በጻፋቸው አራት መጻሕፍት፣ ለሰው ልጅ አንድ ብቸኛ ልክ አላወጣም። ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ አጭሩንም ረጅሙንም ለየብቻ ለክቶ አቀረበ፤ የገጽን መስመሮች በጂኦሜትሪ እያዘነበለና እያራራቀ ከአንድ ራስ ብዙ የተለያዩ ራሶችን ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ከዘመናት በኋላ በካናዳ ሌስሊ ፋርካሽና የሥራ ባልደረቦቹ እነዚህኑ ቀኖናዎች በሕያዋን ሰዎች ፊት ላይ በመለኪያ ፈተኗቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ጥናታቸው ቀኖናዎቹ በአውሮፓውያን ዝርያ በሆኑ ወጣት ሰሜን አሜሪካውያን ላይ እንኳ በብዙዎቹ እንደማይሠሩ አመለከተ። እንግዲህ ቀመሩ ለወጣባቸው ሕዝቦች ራሱ ግምት ብቻ ከሆነ፣ በአዊ ደጋ ለሚኖር ሰው ሕግ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት አይታይም።

የግምጃ ቤት ተማሪ ሊሥላቸው የሚችላቸውን ሰዎች እናስብ። እናቱ ሻሽ አስራለች፤ ቄሱ ጠምጥመዋል። የሁለቱም የፀጉር መነሻ አይታይም፤ ስለዚህ ከፀጉር መነሻ የሚጀምረው የሦስት እኩል ክፍሎች ሕግ ገና ከመጀመሪያው መነሻ ያጣል። አያቱ ጥርሳቸው አልቋል፤ ጥርስ ሲያልቅ መንጋጋ ወደ ላይ ስለሚቀርብ ከአፍንጫ በታች ያለው ክፍል ያጥራል። ታናሽ እኅቱ ሕፃን ናት፤ የሕፃን የራስ ቅል ከገጹ ይልቅ ትልቅ በመሆኑ ዓይኖቿ ከራስ አጋማሽ በታች ይውላሉ። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሚጋልበው ጎረቤቱ ደግሞ ከታች ሲታይ አገጩ ይጎላል፣ ግንባሩ ያጥራል፣ ጆሮውም ከዓይኑ አንጻር ዝቅ ብሎ ይታያል። በተማሪው ዙሪያ ካሉት ሰዎች መካከል ቀመሩ በትክክል የሚገልጸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ባዶ ራሱን፣ ፊት ለፊት፣ አንገቱን ሳያዘነብል የተቀመጠ ጎልማሳ ነው። እርሱንም ቢሆን በግምት ብቻ ነው።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ይህ ተማሪ ወደ ክፍል የሚገባው ሥዕል አይቶ የማያውቅ ሆኖ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ አድጓል። በዚያ ትውፊት ምጥጥን የሚወሰነው በትርጉም ነው። የቅዱሳን ዓይን ሰፊ ነው፤ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲሣሉ ክፉዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ የከበረው አካል ከሌሎቹ ገዝፎ ይታያል። ይህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው ሌላ ቀኖና ነው። ዓይንን አግዝፎ የሣለን ልጅ «ተሳስተሃል» ብሎ ማለፍ የለመደውን ሥርዓት ያለ ማብራሪያ መሻር ይሆናል። «ይህ ዓይን የቅዱስ ዓይን ነው፤ አሁን ግን የምንሥለው አቶ እገሌን ስለሆነ የእርሳቸውን ዓይን እንለካ» ማለት ግን ሁለቱን ቀኖናዎች በየቦታቸው ያስቀምጣል።

በአገራችን የዘመናዊ ሥዕል ትምህርት ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። ወደ ፓሪስ ተልኮ ከተማረው ከአገኘሁ እንግዳ፣ በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት እስከ ተማሩት አፈወርቅ ተክሌ፣ በቺካጎ ተምረው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ መሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ድረስ፣ ሠዓሊዎቻችን ውጭ አገር ሄደው የተማሩባቸው ተቋማት መሠረታዊ ልምምዳቸው ከሕያው ሰው ፊት ቆሞ መሣል ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ ስሌድን የመሩት ዊልያም ኮልድስትሪም በተለይ የሚታወቁት ክንዳቸውን ዘርግተው በመለካታቸው፣ የልኬቱንም ትንንሽ ምልክቶች በሥዕሉ ላይ ሳያጠፉ በመተዋቸው ነው። ይህ ሁሉ ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ሲወርድ ግን ቆሞ መለካቱ ቀርቶ ውጤቱ ብቻ፣ ማለትም የተሸመደደው ቀመር፣ እንዳይቀር ያሰጋል።

ልኬት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የታሠረበት ክርና ከሰል ነው። አዊ በቀርከሃውና በከሰሉ የሚታወቅ አካባቢ ነው፤ ክሩን ደግሞ ግንበኛ ሁሉ ቱምቢ ብሎ ያውቀዋል። ተማሪው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቀርከሃውን ጫፍ ከሚሥለው ሰው አናት ጋር ያገጥማል፤ አውራ ጣቱን እስከ ዓይን መስመር ያወርዳል፤ ያንኑ ልክ ከዓይን ወደ ታች ሲያውለው አገጭ ላይ መድረሱን፣ መጉደሉን ወይም ማለፉን ያያል። ክንድ ከታጠፈ ልኩ ስለሚለወጥ ክርን መቆለፍ አለበት። ቱምቢው ከዓይን ጥግ ሲለቀቅ የአፍንጫ ክንፍና የአፍ ጥግ ከመስመሩ በየት በኩል እንደሚውሉ ያሳያል። «ዓይን አጋማሽ ላይ ነውን?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ መልስ ያገኛል፤ ቀመሩም ጥያቄውን በማቅረቡ ያገለግላል።

በሥነ ልቡና የተደረጉ ጥናቶችም ይህን አካሄድ ይደግፋሉ። ዴል ኮኸንና ሱዛን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ያዩትን በትክክል መሣል የሚያቅታቸው በዋናነት እጃቸው ስላልታዘዘ ሳይሆን የሚሥሉትን ነገር አዛብተው ስለሚያዩት መሆኑን ደምድመዋል። ኮኸን በ2005 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ዓይናቸውን በሚሥሉት ነገርና በወረቀቱ መካከል ቶሎ ቶሎ የሚያመላልሱ ሰዎች ይበልጥ ትክክለኛ ሥዕል እንደሚሥሉ አሳይተዋል። ዘንጉና ክሩ ተማሪውን ደጋግሞ ቀና ብሎ እንዲያይ ያስገድዱታል፤ የተሸመደደ ቀመር ግን ቀና ማለትን አላስፈላጊ ያደርገዋል።

ዛሬ በስፋት ከሚታየው ልማድ ጋርም መከራከር ያስፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ገጽን የሚሥሉት በስልክ የተነሣ ፎቶ ላይ አራት ማዕዘን መረብ አስምረው ነው። መረቡ ራሱ ነውር የለበትም፤ የጥንት ግብጻውያንም ተጠቅመውበታል። ችግሩ ፎቶው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ሐኪሞች ያቀረቡት ስሌት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሣ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አመልክቷል። ከእንዲህ ያለ ፎቶ በመረብ የተገለበጠ ሥዕል ለፎቶው ታማኝ ሆኖ ለሰውዬው ሐሰተኛ ይሆናል። ፎቶ መጠቀም ግድ ሲሆን ቢያንስ ከ1.5 ሜትር ርቀት ላይ እንዲነሣ ማስተማር ቀላል እርማት ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ በተማሪ በተጨናነቀ ክፍልና በአጭር ክፍለ ጊዜ ልኬት አይቻልም የሚል ነው። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተፈራረቁ ቢሣሣሉና በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ልኬቶችን ብቻ ቢወስዱ ግን በቂ ነው፤ ሙሉ ሥዕል መጨረስ የየዕለቱ ግብ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ተቃውሞ ጀማሪ ያለ ደንብ ግራ ይጋባል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ቀመሩ ይቅር አልልም። ለውጡ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ቀመሩ በቅድሚያ ይነገር፣ ተማሪው በጓደኛው ገጽ ላይ ይፈትነው፣ ልዩነቱን በቁጥር ይመዝግብ፣ ከዚያ ይሣል። ምዘናውም ሥዕሉ ማማሩን ትቶ በሥዕሉ ላይ ያለው ምጥጥን በተለካው ሰው ላይ ካለው ጋር መቀራረቡን ይመልከት። እንዲህ ሲሆን የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ትምህርትንም ያግዛል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የሰውን ገጽ መለካት ንጹሕ ታሪክ የለውም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ፔትሩስ ካምፐር ለሥዕል ያዘጋጀው የገጽ ማዕዘን ልኬት፣ በኋላ ሰዎችን በዘር ደረጃ ለማበላለጥ ለሚፈልጉ መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ በክፍል የሚወሰድ ልኬት በፈቃድ ይሁን፤ ለአንድ ሥዕል አገልግሎት እንጂ ለብሔር ወይም ለውበት መመደቢያ አይዋል። አንድን ሰው በራሱ ልክ ለመሣል የጀመርነው ሥራ «የአገው ገጽ እንዲህ ነው» ወደሚል አዲስ ቀመር ከተለወጠ፣ ከቀድሞው ስሕተት አልወጣንም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይም በእንጅባራና በአካባቢው ለምንገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ ሥራው በእጃችን ሊገባ የሚችል ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ትይዩ ክፍሎችን ወስዶ አንዱን በቀመር ብቻ፣ ሌላውን በቀመርና በልኬት አስተምሮ የሥዕሎቹን ምጥጥን ማነጻጸር በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚያልቅ ጥናት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም በዚያ መንገድ ሊረጋገጥ ወይም ሊወድቅ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን መምህራን ተማሪው ያልተለካ መስመር እንዳያሰምር ቢጠይቁት፣ የእናቱን ገጽ ከሻሿ ጋር፣ የአያቱንም ገጽ ከዕድሜያቸው ጋር በራሳቸው ልክ ለመሣል ዕድል ያገኛል።