ያልተፈተነን ሥርዓት ማዘግየት ኪሳራ አይደለም

በዶሃ ከተማ፣ ከሐማድ ሆስፒታል አቅራቢያ በሚገኘው ቢን ኦምራን ሠፈር የወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ከሌላው ጊዜ ይለያል። ደመወዝ ባንክ እንደገባ ወገኖቻችን ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ከፊሉ ለወላጆቹ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ፣ ከፊሉ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ አዲስ አበባ ገንዘብ ይልካል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2015 የዘረጋችው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት የሥራ ሕጉ የሚሸፍናቸው ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ከመክፈያው ቀን አንሥቶ በ7 ቀናት ውስጥ በባንክ በኩል እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ዋስትና ነው። በዚያው ልክ ግን እጅግ ብዙ ሰው በተመሳሳይ ምሽት አንድ ዓይነት ቁልፍ እንዲጫን ያደርጋል።

ይህንን የምናነሣው ባንኮች፣ የሐዋላ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዳዲስ መተግበሪያዎችን በተከታታይ በሚያወጡበት በዚህ ዘመን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሣ ነው። ሶፍትዌሩ ተሠርቶ አልቋል፤ የሚወጣበት ቀን ተነግሯል፤ ማስታወቂያው ተለጥፏል። በፍተሻ ወቅት ግን ሥርዓቱ ብዙ ተጠቃሚ ሲገባበት ይንቀራፈፋል ወይም ይቆማል። ኃላፊው ቃሉን ጠብቆ ይልቀቀው ወይስ ያዘግየው? የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ የሰው ገንዘብ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ጤና የተንጠለጠሉበት ሥርዓት በጭነት ተፈትኖ ካላለፈ ሊዘገይ ይገባዋል።

መዘግየትን እንደ ጥቃቅን እንከን የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። “ይሠራል እኮ፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ” ይላሉ። ነገር ግን በገንዘብ ሥርዓት ውስጥ መንቀራፈፍ ራሱ ስሕተት ይወልዳል። ላኪው መልስ ሲያጣ ቁልፉን ዳግመኛ ይጫናል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ካልተሰጠው አንዱ ክፍያ ሁለት ሆኖ ሊሄድ ይችላል፤ ሁሉም ሰው ደግሞ ሲጫን የተጨናነቀው ሰርቨር እጥፍ ጭነት ይወድቅበታል። ከዚህም ሌላ አማካይ ፍጥነት ያታልላል። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ በአንድ ሰከንድ ቢመለሱና 5ቱ አንድ ደቂቃ ቢፈጁ በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው አማካይ 4 ሰከንድ ያህል ነው፤ ቁጥሩ ያማረ ነው። እነዚያ አምስቱ ግን አሮጌ ስልክና ደካማ መስመር ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜም ገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የሩቁን ትተን የቅርቡን እናስታውስ። በ1445 ረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ። ምክንያቱ ከውጭ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ተገለጸ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ባንኩ ኋላ ላይ ያስታወቀ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ገንዘቡን ከየግለሰቡ በመሰብሰብ አለፉ። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው የአበው ብሂል እንዲህ ቃል በቃል የተፈጸመበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዚያ ሌሊት ችግር የፍጥነት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በሚሊዮኖች ሒሳብ ላይ የሚደረግ ለውጥ አስቀድሞ በሚገባ ካልተፈተነ ፈተናው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ይካሄዳል።

በጭነትም የወደቀውን ለማየት ወደ አሜሪካ እንሻገር። የጤና መድን መመዝገቢያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት በርካታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ጎረፉ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን እስከ መጨረሻው መፈጸም የቻሉት ግን 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቀኑ አስቀድሞ ስለተቆረጠ ሥርዓቱ ዝግጁ ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ ከቀኑ በታች ሆነ። ጥገናው ሳምንታትን ወሰደ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ማዘግየት ብቻውን መድኃኒት አይደለምና። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሥርዓት ለማዛወር የያዘውን የኖቬምበር 2017 ቀጠሮ ወደ 2018 አሸጋግሮ ነበር። በኤፕሪል 2018 ዝውውሩን ሲያካሂድ ግን እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ከሒሳባቸው ተቆለፉ። ኋላ ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ባንኩ ሁለት የመረጃ ማዕከላት እያሉት የጭነት ፍተሻው የተካሄደው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። በዲሴምበር 2022 ተቆጣጣሪዎች 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ባንኩ ጊዜ አግኝቶ ነበር፤ ያገኘውን ጊዜ ግን መፈተን ለሚገባው ነገር አላዋለውም።

በሌላ በኩል መጠበቅም ዋጋ የሚያስከፍልበት ወቅት አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የኳታር መንግሥት ኢሕቲራዝ የተባለውን መተግበሪያ ከሜይ 22 ቀን 2020 ጀምሮ ከቤት ለሚወጣ ሁሉ ግዴታ አደረገ። በሽታው እየተዛመተ ስለነበር እያንዳንዱ የዘገየ ቀን በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ነበረው። ሆኖም አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን የግል መረጃ ሊያጋልጥ የሚችል ክፍተት አገኘ፤ ለባለሥልጣናቱ ካሳወቀ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ታረመ። የእርማቱ ፍጥነት የሚያስመሰግን ነው። አስቸኳይ ሁኔታ ፍጥነትን ቢፈቅድም ፍተሻን ግን እንደማይሽር ይህ ያሳያል። አዲስ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ደግሞ ወረርሽኝ የሚከላከል አይደለም፤ የቀድሞው እስከሠራ ድረስ አንድ ወር ቢጠብቅ የሚጎዳ የለም።

ሁለቱን መንገዶች የሚያስታርቅ ስልትም አለ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መትራሽ የተባለውን መተግበሪያ ሲያድስ አሮጌውን መትራሽ 2 በአንድ ሌሊት አልዘጋውም፤ አዲሱ ከቀረበ በኋላ የቀድሞው እ.ኤ.አ. እስከ ማርች 1 ቀን 2025 ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ተጠቃሚው በራሱ ጊዜ ተሸጋገረ። ሁሉም ተቋም ሊከተለው የሚገባ አሠራር ነው።

ስለዚህ ውሳኔው በእጃቸው ለሆነ ኃላፊዎች የምንለው አለን። የሚለቀቅበትን ቀን ከመናገራችሁ በፊት የሚለቀቅበትን መለኪያ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ በስንት ሰከንድ ውስጥ ሊመልስ እንደሚገባ አስቀድሞ ይወሰን። መለኪያው ቀኑ ሲደርስ ከተቀመጠ ለቀኑ ተብሎ ዝቅ ይላልና። ፍተሻው በተራ ቀን ጭነት ሳይሆን በደመወዝ ሳምንትና በዒድ ዋዜማ ጭነት ይደረግ። አዲሱ ሥርዓት በቅድሚያ ለጥቂቶች፣ ቀስ በቀስም ለብዙዎች ይከፈት፤ ችግር ሲታይም ወደ ቀድሞው የመመለሻው መንገድ ዝግጁ ይሁን። በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ ሁሉም ዘካተል ፊጥርና የዒድ ወጪ ወደ አገር በሚልክበት ጊዜ፣ አዲስ ሥርዓት አይለቀቅ።

በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ለምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በፍተሻ ያያችሁትን ጉድለት ለአለቃ ደስታ ብላችሁ አታሳንሱት። “አልደረሰም” ብሎ በማስረጃ መናገር ስንፍና አይደለም፤ አማናን መጠበቅ ነው። አለቃውም በበኩሉ ይህን የተናገረውን ሠራተኛ እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ጠባቂ ሊያየው ይገባል።

ተጠቃሚውም ድርሻ አለው። መተግበሪያው ሲቆም ቁልፉን ደጋግመን ሳንጫን ቀሪ ሒሳባችንን እንይ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን እንያዝ። በሥርዓት ስሕተት ወደ እጃችን የገባ ገንዘብም የእኛ አለመሆኑን እንወቅ። ሐላል የሚሆነው ባለቤቱ ሲሰጥ እንጂ ማሽን ሲሳሳት አይደለም። የመጋቢቱን ገንዘብ ሳይጠየቁ የመለሱ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በአንድ ወር የዘገየ መተግበሪያ በሁለተኛው ወር ይረሳል። በሁለት የተከፈለ የሐዋላ ገንዘብ፣ በዒድ ዋዜማ ያልደረሰ የእናት ወጪ ግን አይረሳም። ተቋማት የሚያወጡት ሥርዓት በላብ የተገኘ ገንዘብ የሚያልፍበት ድልድይ መሆኑን አውቀው፣ ሕዝብ ከመሻገሩ በፊት ክብደቱን ራሳቸው ይፈትኑት እንላለን።