ከቆዳ ሥር የገባ ቁልፍ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ቁልፍዎን ረስተው ወጥተው ከገዛ ቤትዎ ደጃፍ ላይ ቆመው ያውቃሉን? መታወቂያዎን ጥለው መጥተውስ ከመሥሪያ ቤትዎ ዘበኛ ጋር ተከራክረው ያውቃሉን? እንግዲያው ለዚህ ችግር መላ አገኘን የሚሉትን ሰዎች ነገር ያድምጡ።

መሣሪያው ማይክሮቺፕ ይባላል። የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ በመስተዋት ታሽጎ፥ በወፍራም መርፌ፥ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ቆዳ ሥር ይገባል። በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ኬቪን ዋሪክ ይህን የመሰለ መሣሪያ በክንዳቸው ውስጥ አስገብተው ነበር፤ በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲም ሲቀርቡ በሩ ይከፈትላቸው፥ መብራቱም ይበራላቸው ነበር። በ2017 ደግሞ የስዊድን ምድር ባቡር ቺፕ ያስገቡ መንገደኞች እጃቸውን በማሳየት ብቻ እንዲሳፈሩ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት 40 ያህል የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች በር ለመክፈትና በመሥሪያ ቤታቸው ምግብ ለመግዛት በፈቃዳቸው ተወጉ።

ብዙ ሰው እንደሚፈራው ይህ ቺፕ ሰውን በየሄደበት አይከታተልም። ባትሪ ስለሌለው፥ ወደ ማንበቢያው እስኪጠጋ ድረስ ድዳ ነው። በሩ ግን ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ሊመዘግብ ይችላል። «ይህንስ የወረቀት መታወቂያም ቢሆን ዘበኛው ይጽፈዋል» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን መታወቂያን ማታ ከጠረጴዛ ላይ አኑሮ መተኛት ይቻላል፤ ሥራ ሲለቁም መልሶ መሄድ ይቻላል። ከቆዳ ሥር የገባውን ለማውጣት ግን ምላጭ ያስፈልጋል።

ዊስኮንሲን ይህን አስቀድማ አስባበት ነበር። በ2006 ማንም ሰው ቺፕ እንዲያስገባ እንዳይገደድ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሕጉን የጣሰም ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል።

መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ ግዳጅን እንጂ ይሉኝታን አይከለክልም። አለቃዎ ጠርተው በፈገግታ «ባልደረቦችዎ ሁሉ አስገብተዋል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እንደ ፈቃድዎ ነው» ቢሉዎ፥ በተለይ የሙከራ ጊዜዎን ገና ያልጨረሱ ከሆነ፥ ምን ብለው ይመልሳሉ? አንባቢ ሆይ፤ መልሱን ከዛሬ ጀምሮ ያስቡበት። ኋላ ከአለቃ ፊት ቆሞ ማሰብ ያስቸግራልና።